«በስቴም ሴል ሁሉም ይድናል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቲክቶክ ወይ ቴሌግራም ላይ ሳታዩት አትቀሩም። «ስኳር፣ ሽባነት፣ የዓይን ችግር፣ ሁሉም በስቴም ሴል ይድናል» ይላል። ከስሩ የውጭ አገር ክሊኒክ ስልክ ቁጥር አለ። ወልቂጤም ይሁን ቡታጅራ፣ ታማሚ ያለበት ቤት ይህን ሲያይ ባጃጁን ሸጦም ቢሆን መሞከር ያምረዋል። አይፈረድበትም። ግን መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው።

👉 ስቴም ሴል ምንድን ነው?

ገና ሥራው ያልተለየ የሰውነት ሴል ነው። ራሱን ያባዛል፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሴልም ይለወጣል። መቅኒ ውስጥ ያለው ለምሳሌ ደም ይሠራል። የደም ካንሰርን በመቅኒ ንቅለ ተከላ ማከም ከ50 ዓመት በላይ የቆየና የተረጋገጠ ነገር ነው። ማስታወቂያው የሚዘረዝራቸው ሌሎቹ በሽታዎች ላይ ግን አብዛኛው ሥራ ገና ሙከራ ነው።

👉 መንግሥት እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ከሰው ፅንስ ስቴም ሴል አውጥተው ላብራቶሪ ውስጥ አሳደጉ። ይህን ለማድረግ ግን የጥቂት ቀን ዕድሜ ያለው ፅንስ ይጠፋል። ጭቅጭቁ የመጣው ከዚህ ነው። በ2001 ፕሬዚዳንት ቡሽ፣ ከዚያ በፊት ተዘጋጅተው ከነበሩት ሴሎች ውጪ የመንግሥት ገንዘብ እንዳይወጣ አደረጉ። ልብ በሉ፣ የተዘጋው ካዝናው ነው እንጂ ምርምሩ አይደለም። በግል ገንዘብ መሥራት ይቻል ነበር። በ2009 ኦባማ ገደቡን ሲያነሱ ገንዘቡ ቅድመ ሁኔታ ይዞ መጣ። ፅንሱን የሰጡት ሰዎች በጽሑፍ መፍቀድ አለባቸው፣ ክፍያም አይቀበሉም ተባለ። በመሃል ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ፅንስ ሳይነካ የቆዳ ሴልን ወደ ስቴም ሴል መለወጥ ቻለ። በ2012 የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

የመንግሥት ብር ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ደቡብ ኮሪያ ለሁዋንግ ዉ ሱክ ብዙ ገንዘብ ሰጥታ፣ ቴምብር ሳይቀር አሳትማ ነበር። በኋላ ውጤቱ የፈጠራ ሆኖ ተገኘ። ለምርምሩ እንቁላላቸውን ከሰጡት መካከል እሱ ሥር የሚሠሩ ወጣት ሴቶች ነበሩበት። አለቃህ ሲጠይቅህ እምቢ ማለት ይቀላል?

👉 ከፋዩ ታማሚው ሲሆንስ?

እ.ኤ.አ. በ2015 ፍሎሪዳ ውስጥ 3 አሮጊቶች ለአንድ ክሊኒክ 5,000 ዶላር እየከፈሉ፣ ከራሳቸው ስብ የወጣ ሴል በአንድ ቀን ሁለቱም ዓይናቸው ውስጥ ተወጉ። ሕክምናው በአሜሪካ መንግሥት የጥናት መዝገብ ላይ ሳይቀር ሰፍሮ ነበር። የሦስቱም እይታ ክፉኛ ተጎዳ። መዝገብ ላይ መስፈር ማለት መንግሥት አይቶ ፈቅዷል ማለት አይደለም።

👉 የምርምርን ወግ እኛ እናውቀዋለን

ቡታጅራ ለምርምር አዲስ አይደለችም። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ ልደትና ሞት ሲመዘግብ ኖሯል። ድጋፉ ከስዊድን መንግሥት ነበር። መረጃ ሰብሳቢው በር አንኳኩቶ ይጠይቃል እንጂ «ክፈሉኝ» አይልም። በአገራችን ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊያየው ይገባል። የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ማስታወቂያው ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦

1. ከፋዩ ማነው? «ጥናት ነው» እያሉ ብዙ ብር ከጠየቋችሁ ተጠራጠሩ።
2. የፈቀደው ማነው? የተቋሙን ስም ይንገሯችሁ፣ ራሳችሁ ደውላችሁ አጣሩ።
3. ካልሠራስ? ጉዳቱን በግልጽ የማይነግራችሁ ሰው ፈቃዳችሁን እየጠየቀ አይደለም፣ እየሸጠላችሁ ነው።

ሦስቱንም ካልመለሱ ባጃጁ ባይሸጥ ይሻላል። ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። ቤቱ ታማሚ ላለበት ዘመድም ሼር አድርጉለት።