ሳንባን በሰላም የሚያሻግር ፈሳሽ

ለንቅለ ተከላ የሚወሰድ ሳንባ ከለጋሹ ደረት ከመውጣቱ በፊት ይታጠባል። ሐኪሞቹ በሳንባው ደም ቅዳ ቧንቧ በኩል እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ይለቁበታል፤ ደሙ ተጠርጎ ሲወጣ ሳንባው ይነጣል። ከዚያም ኦክስጅን እንደያዘ በከረጢት ታሽጎ በበረዶ ሳጥን ይጓዛል።

ቅዝቃዜው ሕዋሳቱ የሚፈልጉትን ኃይል ይቀንሳል፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሶዲየምን አስወጥቶ ፖታሲየምን የሚያስገባው የሕዋስ ፓምፕ በብርድ ይዳከማል። ሶዲየም ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ውሃም ይከተለዋል፣ ሕዋሱ ያብጣል።

ይህን ለመከላከል ቀደም ሲል ዩሮ-ኮሊንስን የመሰሉ ፈሳሾች ይሠራባቸው ነበር። በሊትር 115 ሚሊሞል ያህል ፖታሲየም ስላላቸው የሕዋስን ውስጠኛ ክፍል ይመስላሉ፤ ውጭውና ውስጡ ከተቀራረበ ልውውጡ ይቀንሳል ተብሎ ነው። ለኩላሊት የተዘጋጀው ይህ ዘዴ ሳንባ ላይ ችግር አመጣ። የደም ሥሮቹን ከውስጥ የሚሸፍነው አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ነው። የበዛ ፖታሲየም የዚህን ሽፋን የኤሌክትሪክ ሚዛን ስለሚያናጋ ሕዋሳቱ ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶችን ያመነጫሉ። በግድግዳው ያለው ጡንቻም ይኮማተራል፤ ሥሩ ሲጠብ ፈሳሹ ሁሉም ጥግ አይደርስም። ሐኪሞች ሥሮቹን የሚያሰፋ ፕሮስታግላንዲን የሚጨምሩት አንድም ለዚህ ነው።

መፍትሔው በ1980ዎቹ ከጃፓንና ከቶሮንቶ ተመራማሪዎች መጣ፤ ፖታሲየሙ የተቀነሰ፣ ዴክስትራን የተጨመረበት ፈሳሽ። ዛሬ ፐርፋዴክስ በሚል ስም በስፋት የሚሠራበት ዝርያው ፖታሲየሙ በሊትር 6 ሚሊሞል ገደማ ነው፤ ከደም ብዙም አይርቅም። ዴክስትራን ትልቅ የስኳር ሞለኪውል ነው፤ ውሃው ከሥሩ እንዳያመልጥ ይይዛል፣ የቀሩት ቀይ የደም ሕዋሳትም እንዳይጣበቁ ያግዛል።

ጥበቃው የሚፈተነው ግን የተቀባዩ ደም ሲገባ ነው። የተጎዳ የሥር ሽፋን ክፍተት ይፈጥራል፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይስባል፤ ፈሳሽም ወደ አየር ከረጢቶቹ ይፈሳል። አዲሱ ሳንባ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ሥራ የሚያቅተው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ የቶሮንቶ ሐኪሞች ሳንባን በ10 ዲግሪ ማቆየት ከበረዶ ይልቅ የሕዋሳቱን የኃይል ማመንጫዎች እንደሚጠብቅ አሳይተዋል። ሌሊት የደረሰ ሳንባ እስኪነጋ እንዲጠብቅና ቀዶ ሕክምናው በቀን እንዲሠራ መንገድ ተከፍቷል።