የዘይቱ ቀን በአውራ ጣት ሲለቅ

ከሰፈሬ ሱቅ አምስት ሊትር የምግብ ዘይት ገዝቼ ቤት ስገባ፣ ቀኑን ለማየት ጄሪካኑን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ቁጥሩ ጄሪካኑ ላይ አልነበረም፤ አውራ ጣቴ ላይ ነበር፣ ያውም ተገልብጦ። አምራቹ ቀኑን ጽፏል፤ ጽሑፉ ግን ከፋብሪካ እስከ ወጥ ቤት አልዘለቀም። ለልጆቼ ምግብ የምሠራበት ዘይት መቼ እንደሚበላሽ ሳላውቅ ቀረሁ።

ጄሪካኑ የተሠራው ከፖሊኤቲሊን ነው። ይህ ፕላስቲክ ሌላውን ወደ ራሱ የሚስብበት ኃይል ደካማ ስለሆነ፣ ውሃ ጠብ ቢልበት በጎመን ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጤዛ ይድቦለቦላል። ነገሩ በቁጥር ይለካል፦ የፖሊኤቲሊን የገጽ ጉልበት 31 ሚሊኒውተን በሜትር ገደማ ሲሆን፣ የውሃ የገጽ ውጥረት 72 ነው። ፈሳሽ በደንብ ተዘርግቶ እንዲይዝ የእሱ ቁጥር ከሚያርፍበት ገጽ ቁጥር ማነስ አለበት። ለዚህም ነው የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ በውሃ ሳይሆን፣ ቁጥሩ 25 ገደማ በሆነው ሜቲል ኤቲል ኬቶን በተባለ ፈሳሽ የሚበጠበጠው። ፈሳሹ ወዲያው ይተናል፤ ቀለሙና ማያያዣው ይቀራሉ። ይሁንና በሙሌት ጊዜ የፈሰሰ ዘይት ጄሪካኑን አውዝቶት ከሆነ፣ ቀለሙ ያረፈው ፕላስቲኩ ላይ ሳይሆን ዘይቱ ላይ ነው። የእኔም ዕጣ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱ ዘይት ከመሙላት በፊት ማተም፣ ከማተምም በፊት ገጹን ለቅጽበት በነበልባል ማስነካት ነው። ነበልባሉ ኦክስጅንን ከፕላስቲኩ ገጽ ጋር ስለሚያቆራኘው፣ ቀለሙ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ማተሚያው ራሱ ሲሠራ ማየት ያስደንቃል። ዕቃው በኮንቬየር ሲያልፍ ማሽኑ ሳይነካው ይጽፍበታል። ከጠባብ ቀዳዳ የሚወጣ የቀለም ክር ሳይቋረጥ ሊዘልቅ አይችልም፤ ወደ ጠብታ ይበጣጠሳል። ይህን ቤልጅጋዊው ጆሴፍ ፕላቶና እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሌይ በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጥንተውታል። በ1960ዎቹ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ስዊት ክሩን በንዝረት እኩል እኩል እየቆረጠ፣ ለእያንዳንዱ ጠብታ የኤሌክትሪክ ሙሌት ሰጠው። ሙሌቱ የበዛለት ጠብታ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ሲያልፍ የበለጠ ይጣመማል፤ ምንም ያልተሰጠው ቀጥ ብሎ መሰብሰቢያ ውስጥ ይገባና ወደ ጋኑ ይመለሳል። በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጠብታዎች እንዲህ እየተለዩ ቁጥር ይሠራሉ።

ቁጥሩ ቢያዝም ግን ሌላ ጣጣ አለ። «05/25» የሚል እናንብብ። በፈረንጆቹ ከሆነ ሜይ 2025 ነው፤ በእኛ ሚያዝያና ግንቦት 2017 ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ካነበብነው ደግሞ ጥር 2025 ይሆናል፣ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ወደፊት! ኤክስፓየር ያደረገ ዘይት ገና እንደሆነ ተቆጥሮ መደርደሪያ ላይ ሊቆይ ነው። ይህን የሚያጠራው «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ» የሚል አጭር ጽሑፍ ነው።

አጭሩ ጽሑፍ ግን ለማሽኑ ቀላል አይደለም። ለቁጥርና ለላቲን ፊደል አምስት ነጥብ ወርድና ሰባት ነጥብ ከፍታ ይበቃል። የእኛ ፊደል ትርጉሙን የሚሸከመው በትንንሽ ቅጥያ ነው። «ሌ»ን ከ«ሊ» የሚለየው እግሩ ላይ ያለች ቀለበት ናት፤ ቀለበት መሃሏ ክፍት ሆኖ እንዲታይ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ነጥብ በሦስት ነጥብ ትፈልጋለች። በሰባት ነጥብ ውስጥ ይህ አይመችም። ቻይንኛ ለማተም አሥራ ስድስት ነጥብ ከፍታ የተለመደ ነው፤ ለእኛም የሚሻለው እሱ ነው። ነገር ግን ነጥብ በበዛ ቁጥር አንዱን ፊደል ለመጨረስ የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል፤ ኮንቬየሩ ካልዘገየ ፊደሉ ይለጠጣል።

እኔ የሚታየኝ መውጫ ሥራውን መክፈል ነው። የማይለዋወጠው ሁሉ፣ ስሙ፣ ይዘቱ፣ «የሚያበቃበት ቀን» የሚለውና «ዓ.ም» ሳይቀሩ፣ በማተሚያ ቤት በጥራት ሌብሉ ላይ ይታተሙ። ማሽኑ ነጭ በተተወው ሣጥን ውስጥ ቁጥር ብቻ ይሙላ። የወረቀት ሌብል ቀለምን ከፖሊኤቲሊን ይልቅ በደንብ ይይዛል፤ በሙቀት ከሪቦን የሚያትም ማሽን ከተመረጠ ደግሞ በሙጫ የተሠራው ሪቦን ከሰሙ ሪቦን ይበልጥ ፍትጊያ ይችላል። ሃይላንድ ለምንለው የውሃ ጠርሙስ ሌዘር አለ፤ ውድ ነው፣ ግን ፕላስቲኩን ራሱን ስለሚቀርጽ የሚለቅ ቀለም የለውም።

ማጣበቂያውም እንደ ዕቃው ዕድሜ ይመረጣል። ተመላሽ የቢራ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚያዘው ከወተት ፕሮቲን በሚሠራ ሙጫ ነው፤ በበረዶ ውሃ ውስጥ ይጸናል፣ ፋብሪካ ሲመለስ በሞቀ ኮስቲክ ሶዳ ተላቆ ይወድቃል። የዘይት ጄሪካን ሌብል ግን ጭራሽ መውደቅ የለበትም፤ ሰው ውሃ ሊቀዳበት፣ ከሰል ዳር ሊያስቀምጠው ነው።

ማሽን ሻጩ ዘንድ የሚኬደው እንግዲህ የራስን ጄሪካን ይዞ ነው። በፋብሪካው ፍጥነት ያትምበት፤ ከዚያ ዘይት ቀብቶ፣ ፀሐይ ላይ አውሎ በአውራ ጣት ማሸት።