መስመር የማያግደው ዓሣ

እ.ኤ.አ. በ1981 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ካርታ ላይ አንድ መስመር ተሰመረ። የአትላንቲክ ቱና ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን የብሉፊን ቱናን አስተዳደር በ45 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ላይ ለሁለት ከፈለው። ክፍፍሉ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የምሥራቁ ዓሣ በዋናነት በሜዲትራኒያን፣ የምዕራቡ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እንቁላሉን ይጥላል። መስመሩን ግን ሁለቱም ይሻገሩታል።

ለዚህ የሚያበቃው አካሉ ነው። ከጡንቻ የሚመለሰው ሞቃት ደም ከስንጥቡ የሚመጣውን ቀዝቃዛ ደም ስለሚያሞቀው፣ ብሉፊን በሰሜን ቀዝቃዛ ውኃ እየተመገበ ይከርማል፤ ለመራባት ወደ ሞቃት ባሕር ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1979 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ የተያዘው አንድ ብሉፊን 679 ኪሎ ግራም መዝኗል።

ዝርያውን ወደብ ላይ መለየት ይቻላል። የጎን ክንፉ አጭር ነው፤ የአልባኮር ቱና ግን ረዝሞ ከሁለተኛው የጀርባ ክንፍ ያልፋል። ከቢግአይ ቱና ጋር ከተምታታ የስንጥቡ ክዳን ይገለጣል፤ በመጀመሪያው ቅስት ላይ የተደረደሩት እሾህ መሰል ዘንጎች ይቆጠራሉ። ብሉፊን ከ34 እስከ 43፣ ቢግአይ ከ23 እስከ 31 አሉት።

የትውልድ ቦታው ግን በዓይን አይታይም። ምስክሩ በዓሣው ጆሮ ውስጥ ያለች ጠጠር ናት። በየዓመቱ ንብብር እየጨመረች ታድጋለች፤ እምብርቷ ዓሣው በመጀመሪያ ዓመቱ የኖረበትን ውኃ ኬሚካላዊ አሻራ ይይዛል። ተመራማሪዎች ይህን አሻራ ሲያነቡ በአሜሪካ ዳርቻ ከተያዙት ብዙዎቹ የሜዲትራኒያን ተወላጆች ሆነው ተገኙ።

ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የሜዲትራኒያኑ ወገን እጅግ ስለሚበዛ፣ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤዎቹ ጥቂቶች መመናመን በብዙዎቹ ይሸፈናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሞናኮ ዝርያውን ለመታደግ የዓሣው ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ ያቀረበችው ሐሳብ ዶሃ ላይ በተካሄደ ጉባኤ በ68 ተቃውሞና በ20 ድጋፍ ወደቀ። ሆኖም ኮታው ጠብቆ ቁጥጥሩ ሲበረታ የምሥራቁ ወገን አገገመ፤ እ.ኤ.አ. በ2021ም ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያውን ከስጋት ምድብ አወጣው። ያው ግምገማ ግን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚራባው ወገን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ከግማሽ በላይ መቀነሱን አስፍሯል።

ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2022 የሁለቱን ወገኖች መቀላቀል ያገናዘበ የኮታ አወሳሰን ማጽደቁ ትልቅ እርምጃ ነው። እርምጃው ፍሬ የሚያፈራው ግን ከሚያዘው ዓሣ ናሙና ያለማቋረጥ ሲመረመር ነው። ስንት ቶን እንደተያዘ ማወቅ አይበቃም፤ የማን ልጆች እንደተያዙም መታወቅ አለበት። አለዚያ ዝርያው ተረፈ ተብሎ ሲነገር አንዱ ወገን ሊጠፋ ይችላል።