እንቁራሪት ሰፈር እየኖሩ ዋና አለመቻል
ለቤተሰብ የባሕር ዕረፍት ዕቃ ስለመምረጥና ስለማዘጋጀት
ከፍሮግታውን፣ ሴንት ፖል

አበው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። አባባሉ ለሰው ተንኮል የተተረተ ቢሆንም ለእውነተኛው ውሃም ቃል በቃል ይሠራል። እኛ የደጋ ልጆች ግን ከዚህ ተረት የተማርነው ከውሃ መራቅን እንጂ ውሃን መልመድን አይደለም። ሰፈራችን ፍሮግታውን ስሙን ያገኘው ድሮ በረግረጉ ውስጥ ይጮኹ ከነበሩ እንቁራሪቶች ነው ይባላል። ሚኒሶታ ራሷ የ10,000 ሐይቆች ምድር መሆኗን በመኪና ታርጋ ላይ ጽፋ ትዞራለች። በዚህ ሁሉ ውሃ መካከል ተቀምጠን፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ቡና ከሚጠጡት ወላጆች መካከል «ዋና የሚችል እጁን ያውጣ» ቢባል ስንት እጅ እንደሚወጣ አንባቢ ራሱ ይገምት። የውጭ አገር ዲግሪም ቢሆን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ ውሃ ላይ አያንሳፍፍም።

ጉዳዩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የ14 ዓመቷ ልጄና የ9 ዓመቱ ወንድሟ «ለስፕሪንግ ብሬክ ፍሎሪዳ ሄደን ዓሣ እንይ» ብለው ያዙን። ዓሣ ማየት ያሉት ስኖርክሊንግ የሚባለውን ነው። ፊትን በመስታወት ሸፍኖ፣ የመተንፈሻ ቱቦ በአፍ ነክሶ፣ በደረት ተንሳፎ ከሥር ያለውን ዓለም መመልከት ማለት ነው። የተመረጠው ቦታ ከማያሚ በስተደቡብ በኪ ላርጎ ደሴት የሚገኘው የጆን ፔኔካምፕ ፓርክ ሲሆን በአሜሪካ የመጀመሪያው የባሕር ውስጥ ፓርክ ነው። ስሙ የተወሰደው ከማያሚ ሄራልድ ጋዜጣ አዘጋጅ ነው። በእኛ አገር የጋዜጠኛ ስም ክስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ለማየት ለለመድኩት ለእኔ፣ በጋዜጠኛ ስም የተጠራ ባሕር ማየት ብቻውን ለመንገዱ በቂ ምክንያት ነበር።

ባለቤቴ የባሕር ዳር ልጅ ናት። ጣናን እያየች አድጋለች፤ ነገር ግን «ልጅት፣ ከሐይቁ አትጠጊ!» እየተባለች ነው ያደገችው። አማቴ ዕቅዱን ሲሰሙ «ልጄ፣ እኛ ከጣና አጠገብ ኖረን ያልገባንበትን ውሃ አንተ እነዚህን ሕጻናት ልትከትበት ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ሊናቅ የሚገባው አልነበረም።

ባሕር አገር ነበረን፤ ግን ለባሕሩ እንግዳ ነበርን። ጣሊያናዊው ፎልኮ ኩሊቺ በዳህላክ ደሴቶች ውሃ ውስጥ ገብቶ የቀረጸው «ሴስቶ ኮንቲኔንቴ» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1954 ሲወጣ፣ አውሮፓውያን የቀይ ባሕርን ዛጎልና ዓሣ በቀለም አዩት። የደጋው ሰው ግን ምጽዋን የሚያውቀው በሙቀቷና በወደቧ ነበር። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች። የፖለቲካው ክርክር ለሌላ ዓምድ ይቆየን። እዚህ ላይ ማለት የፈለግሁት፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የባሕር እውቀት ስለሌለን ዕቃውንም ሆነ ልምዱን ከሀ ብለን መጀመር አለብን ነው።

ፊትን ይዞ ወደ ሱቅ

የመጀመሪያው ዕቃ ማስክ ነው። ማስክ ዓይንና አፍንጫን አንድ ላይ ይሸፍናል፤ ተራው የዋና መነጽር አፍንጫን ስለማይሸፍን ለዚህ አይሆንም። አፈታተኑ ቀላል ነው። ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጦ ማስኩን ፊት ላይ ማስደገፍ፣ በአፍንጫ ጥቂት አየር ስቦ መያዝና እጅን መልቀቅ። ሳይወድቅ ከቆየ ለዚያ ፊት ይሆናል። ከወደቀ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መመለስ ነው። ማሰሪያ ስለጠበቀ ያልገጠመ ማስክ አይገጥምም፤ እንዲያውም ጠርዙ ተጣሞ ውሃ ያስገባል። ስለዚህ አባት ብቻውን ሄዶ ለቤተሰቡ በጅምላ የሚገዛው ዕቃ አይደለም፤ ሁሉም ፊቱን ይዞ ይሂድ።

ጠርዙ ለስላሳ ሲሊኮን፣ መስታወቱም «ቴምፐርድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ይሁን። ይህ ዓይነቱ ቢሰበር እንኳ እንደ ተራ መስታወት ወደ ዓይን የሚገባ ስለታም ስንጥር አይሆንም። በጠርዙ ሥር አንዲት ጸጉር ካለች ውሃ ይገባል። ጢም ያለን ወንዶች ይህን እናስብበት። ለሴት ልጄ መፍትሔውን ያገኙት አማቴ ናቸው፤ ወደ ኋላ ጥብቅ አድርገው ሹሩባ ሠሯትና አንዲት ጸጉር ግንባሯ ላይ አልቀረም። «ካልቀረልሽ እንኳ በወግ ሂጂ» አሏት።

አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ስስ ቅባት ስላለ መስታወቱ ወዲያው ጉም ይለብሳል። ከጉዞው በፊት እቤት ውስጡን በነጭ የጥርስ ሳሙና በጣት ደጋግሞ ማሸትና ማጠብ ያስፈልጋል። ውሃ ከመግባት በፊት ደግሞ አንድ ጠብታ የሕጻናት ሻምፑ ቀብቶ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል።

ስለ ቱቦው

ወንዱ ልጄ «አባዬ፣ ቱቦው ሁለት ሜትር ቢሆን ታች ወርደን መቆም አንችልም?» ብሎ ጠየቀኝ። አይቻልም። አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ እንኳ ውሃው ደረትን ስለሚጫን ሳንባ ከላይ አየር መሳብ ያቅተዋል። በተጨማሪም በረጅም ቱቦ ውስጥ የተነፈስነው የተቃጠለ አየር ሳይወጣ ቀርቶ መልሰን እንስበዋለን። ለዚህ ነው ቱቦ ሁሉ ከ40 ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጠው። ለልጅ የልጅ ቱቦ ይገዛል፤ መንከሻውም ለአፉ የሚመጥን ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ2014 ዲካትሎን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ፊትን በሙሉ የሚሸፍን ማስክ ካወጣ ወዲህ ብዙ ሰው ይህንኑ ይመርጣል፤ በአፍንጫ ስለሚያስተነፍስ ለጀማሪ ያጓጓል። ሆኖም አየሩ በሚገባ ካልተለየበት የተቃጠለው አየር ይጠራቀማል። ትንፋሽ ሲያጥርም ቱቦን ከአፍ እንደ መትፋት ቶሎ አይወልቅም። እኛ ትተነዋል።

ለእኛ ዕድሜ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በሃዋይ የወጣ የስኖርክል ደኅንነት ጥናት እንዳመለከተው፣ አንዳንዶቹ አደጋዎች የሚደርሱት ውሃ በመዋጥ ሳይሆን በጠባብ ቱቦ በኃይል አየር ሲሳብ ሳንባ በድንገት ፈሳሽ ስለሚቋጥር ነው። የልብ ችግር ያለበት ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ ቱቦውን ነክሶ በፍጥነት መተንፈስ፣ የሚያስቸግር ከሆነ መተው ነው። ደም ብዛት ወይም የልብ ሕመም ያለብን ሐኪም እናማክር። ትንፋሽ ሲያጥር ቱቦውን ማውጣት፣ በጀርባ መንሳፈፍ፣ እጅ አንሥቶ መጣራት ነው፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ ቦታ የለውም።

የቀረውን በአጭሩ። የእግር መቅዘፊያው አጭርና ለእግር ልክ ይሁን፤ ከጠበበ ይልጣል፣ ከሰፋ ይወልቃል። ዋና ያልጠነከረበት ሁሉ በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የጸደቀ የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ፤ በአፍ የሚነፋው ቀላል ጃኬት የዚያ ምትክ አይደለም። የልጆች ካናቴራ እጅጌው ሙሉ፣ ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ አረንጓዴ ይሁን። ሰማያዊ ልብስ ውሃ ውስጥ ይጠፋል። ሙሉ ካናቴራ የሚቀባውን የጸሐይ ክሬም ስለሚቀንስ ለዛጎሉም ይበጃል፤ የፍሎሪዳ ዛጎል እ.ኤ.አ. በ2023 በጋ በውሃው ሙቀት ክፉኛ ተጎድቷል።

ዳር ቁጭ የሚል ወላጅ

ዕቃው ሁሉ ከተገዛ በኋላ ባለቤቴ «እናንተ ግቡ፤ እኔ ዳር ቁጭ ብዬ ልጆቹን አያለሁ» አለች። በየሐይቁ ዳር የምናየው ይኸው ነው፤ ልጅ ውሃ ውስጥ፣ ወላጅ ጋቢ ለብሶ ዳር ላይ። «ዓለሜ፣ ካየሽ በኋላስ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። ዝም አለች። እኔም ብሆን ለራሴ መልስ አልነበረኝም።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚለው፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ጥቁር ልጆች በዋና ገንዳ ሰምጠው የሚሞቱበት መጠን ከነጭ እኩዮቻቸው ከ7 እጥፍ በላይ ነው። ይህ የእኛንም ልጆች ይመለከታል። ልጁ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ገንዳ ዳር ሲደርስ «አልችልም» ማለት ያፍራል፤ ወላጁም ስለማይችል አያስተምረውም።

ስለዚህ ከጥር እስከ መጋቢት ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ውጭ በረዶው እየወረደ፣ ሌክሲንግተን ፓርክዌይ ላይ ባለው ግሬት ሪቨር የውሃ ፓርክ አራታችንም ገባን። መጀመሪያ የተማርነው ዋና አልነበረም፤ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ በአፍ መተንፈስ፣ ቱቦ ውስጥ የገባን ውሃ «ፉህ» ብሎ ማስወጣት፣ ማስክ ውሃ ሲሞላ ከላይ ተጭኖ በአፍንጫ መንፋት ነበር። ይህን ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ያልተለማመደ ሰው ባሕር ላይ ይደነግጣል፤ ሰውን የሚገድለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ድንጋጤው ነው። ባለቤቴ በስድስተኛው ቅዳሜ በጀርባዋ ተንሳፈፈች። አስተማሪያችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት የሰፈር ልጅ ነበረች፤ እኛ ግን «መምህርት» እያልን ነው የጠራናት።

ኪ ላርጎ ስንደርስ በጀልባ ወደ ጥልቁ አልሄድንም። በፓርኩ ውስጥ ካነን ቢች በሚባለው ዳርቻ 30 ሜትር ያህል ገባ ብሎ የድሮ የስፓኝ መርከብ ቅሪቶች አሉ፤ ለጀማሪ የሚበቃው ይህ ነው። ሁለት ሁለት ሆነን ገባን፤ ባለቤቴ ከወንዱ፣ እኔ ከሴቷ። ከዳርቻው ራቅ ብሎ በክፍት ባሕር እ.ኤ.አ. በ1965 የገባ የክርስቶስ የነሐስ ሐውልት ከውሃው ወለል ላይ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። አማቴ ይህን ሲሰሙ «ፎቶውን አምጡልኝ» ብለውን ነበር። ለዚያ የሚበቃ ዋና ገና የለንምና ለሚመጣው ዓመት አቆይተነዋል።

ወገኖቼ፣ ማስክና ቱቦ በአንድ ቀን ይገዛል። ልጁን ተከትሎ ውሃ የሚገባ ወላጅ ግን ከሱቅ አይገዛም፤ እሱን የሚያዘጋጀው ገንዳው ነው። የዘንድሮው በረዶ ሳያልቅ ተመዝገቡ።

ቸር ያሰንብተን።