ውኃ የማይቋጥር ቆዳ፦ የሕፃናት ችፌ ዳሰሳ

ልጄ አራት ወር ሲሞላት ጉንጯን ትከሻዬ ላይ ማሻሸት ጀመረች። ጡት መጥባቷን አቋርጣ ፊቷን ነጠላዬ ላይ ወዲያና ወዲህ ታመላልሳለች፤ ሌሊቱ ደግሞ ለቅሶ ነው። በዚያ ዕድሜ እጅ ገና አይታዘዝምና የምታከው በእኔ ልብስ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። እናቴ «ወተት ደርቆባት ነው፣ በቅቤ ይለቃታል» አለች። ስሙ ግን ችፌ ነበር፤ ሐኪሞች አቶፒክ ደርማታይተስ የሚሉት።

ችፌ ከንጽሕና ጉድለት አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ጤነኛ ቆዳ በጭቃ እንደተመረገ የድንጋይ ካብ ነው፤ ሕዋሳቱ ድንጋዩ፣ በመካከላቸው ያለው ስብ ጭቃው። በችፌ ምርጉ ይሳሳል። እርጥበቱ ይተናል፣ ሳሙናና አቧራ ይገባል፣ ሰውነት ይቆጣል፣ ያሳክካል፤ ማከኩ ደግሞ የቀረውን ምርግ ይፍቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 የስኮትላንዱ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያጎድል የዘረመል ለውጥ ከችፌ ጋር መያያዙን አሳዩ። በአውሮፓ ይህ ትልቅ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያ ታማሚዎችን ሲመረምር ግን ከአንድ አዲስ ለውጥ በቀር ሌላ አላገኘም። ይህን ውጤት ለማውቃቸው ወላጆች ሁሉ የምናገረው፣ በነጭ ቆዳ ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ መጽሐፍ ለእኛ ልጆች ሁልጊዜ እንደማይበቃ ስለሚያሳይ ነው።

የበሽታው መልክም እንደዚሁ ነው። መጽሐፉ «ቀይ ሽፍታ» ይላል፤ በጠይም ሕፃን ላይ ግን ቅላቱ ይደበቃል። የሚታየው ጠቆር ያለ፣ ግራጫ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ምልክት ነው። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ እጅን ማመን ይሻላል፤ ሲዳበስ እንደ አሸዋ ይሻክራል። በሕፃንነት ጉንጭን፣ ግንባርን፣ የራስ ቆዳንና የእጅና የእግርን የውጭ ገጽ ይይዛል፤ ከፍ ሲሉ ወደ ክርንና ጉልበት መታጠፊያ ይዞራል። ሽንት ጨርቅ የሚሸፍነው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ከወጣና ቤተሰቡም ሌሊት የሚያክ ከሆነ ግን ችፌ ሳይሆን እከክ ሊሆን ይችላልና መታየት አለበት።

የእንክብካቤው ዋና ሥራ ምርጉን በየቀኑ መመለስ ነው። ለብ ባለ ውኃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማጠብ፣ ጠንካራና ሽታ ያለው ሳሙና መተው፣ በፎጣ ሳያሹ ማድረቅ፣ ገላዋ ገና ርጥበት እያለው ቫዝሊን መቀባት። መጠኑ ብዙዎቻችንን ያስደነግጣል፤ የብሪታኒያ መመሪያ ለልጆች በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ይላል። ትንሿ ብልቃጥ ወር አትቆይም ማለት ነው። የእናቴን ልብ አልሰበርኩም፤ ፀጉሯን ቅቤ ትቀባት ነበር። በተሰነጠቀ ጉንጭ ላይ ግን ያልተነጠረ ቅቤ ጀርም ሊያስገባ ስለሚችል ከለከልኩ። ቅባት ያስታግሳል እንጂ አስቀድሞ እንደሚከላከል አልተረጋገጠም፤ በብሪታኒያ 1,394 አራስ ሕፃናትን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ የተቀቡትም ሆኑ ያልተቀቡት በችፌ የመያዛቸው መጠን እንዳልተለያየ አሳይቷል።

ቅባት ብቻውን ካልበቃ የስቴሮይድ ክሬም ይታዘዛል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት አለ። አንድ መድኃኒት ቤት ልጄን እንኳ ሳያይ ክሎቤታሶል አውጥቶ ሰጠኝ፤ ከዚህ ዓይነት መድኃኒት ሁሉ እጅግ ብርቱው ነው፣ ለሕፃን ፊት አይሆንም። ሌላው ስሕተት ፍርሃት ነው፤ ሐኪም ያዘዘውን 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን እንደ መርዝ ቆጥሮ ሕፃኑን በማሳከክ ማሰቃየት። መጠኑ በአዋቂ ጣት ይለካል፦ ከጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚወጣው ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ የአዋቂን ሁለት መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ስፋት ይሸፍናል።

ጡት የምታጠባ እናት በራሷ ውሳኔ ወተትና እንቁላል ስትተው አያለሁ። አብዛኛው ችፌ ከምግብ አይመጣም። እንዲያውም ምግብን ማዘግየቱ ሊጎዳ ይችላል፦ በእስራኤል ሕፃናት ኦቾሎኒ ቶሎ ስለሚቀምሱ አለርጂው በብሪታኒያ ካሉ አይሁድ ልጆች በአሥር እጅ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የለንደን ጥናትም ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ባለባቸው 640 ሕፃናት ላይ ኦቾሎኒ ቶሎ ማስጀመር አለርጂውን እንደሚከላከል አረጋገጠ። ለእንዲህ ያለ ሕፃን ግን አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል፤ ኦቾሎኒውም በሙሉ ፍሬው አይሰጥም፣ ያንቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ መሳም ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል ምች እንለዋለን፤ ብዙ ጊዜ መንስኤው የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ምች ያለበት አክስት ወይም አጎት ችፌ ያለባትን ሕፃን ጉንጭ ከሳመ፣ ቫይረሱ በሳሳው ምርግ ገብቶ በመላ ገላዋ ሊዛመት ይችላል። እኩል እኩል የሆኑ፣ የተቦረቦሩ የሚመስሉ ትናንሽ ቁስሎች ባንድ ቦታ ሲታፈጉና ትኩሳት ሲመጣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይኬዳል። ዘመድ በተሰበሰበበት ቀን በር ላይ ቆሜ የእንግዶችን ከንፈር አይ ነበር፤ አንድ ዘመዴን «ጋሼ፣ ዛሬ እጇን ብቻ» ብዬ መለስኩ። ቅር አላቸው፤ ግን እሺ አሉኝ።

በስምንተኛው ወሯ ጉንጯ ለሰለሰ፤ ነጣ ያለ ጠባሳ መሳይ ቦታ ግን ተወ። እናቴ «ለምጽ እንዳይሆን» ብላ አለቀሰች። ቁጣው ሲበርድ የቆዳ ቀለም ለጊዜው ይሳሳል እንጂ አይጠፋም። የልጄ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው አምስት ወር ቆይቶ ነው፤ በየማታው ቫዝሊኑን ትቀባት የነበረችው እናቴ ናት።