የታብሌት ሶፍትዌር ከሃርድዌሩ ዕድገት ጋር እኩል እየተራመደ ነውን?

የታብሌት ኮምፒዩተሮች የማስላት አቅም ባለፉት 15 ዓመታት ከፍተኛ ዕድገት አሳይቷል። ለገበያ ከሚቀርቡት ታብሌቶች መካከል ከላፕቶፕ ኮምፒዩተሮች ጋር አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የተገጠመላቸው ይገኙበታል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ሊያከናውን በሚችለውና ሶፍትዌሩ እንዲያከናውን በሚፈቅድለት ሥራ መካከል ለዓመታት ሰፊ ክፍተት ታይቷል።

ጉዳዩ የቴክኖሎጂ ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ለመስክ ሥራ፣ ለመረጃ አሰባሰብ ወይም ለጤና አገልግሎት ታብሌት የሚገዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ባወጡት ገንዘብ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ የሚወሰነው ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይልቅ በሶፍትዌሩ ብቃትና ዕድሜ ነው።

ሃርድዌሩ ወደ ኋላ የቀረበት ዘመን

ሃርድዌር ሲባል የመሣሪያው ተጨባጭ ክፍል ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪው፣ ስክሪኑና ባትሪው ማለት ነው። ሶፍትዌር ደግሞ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰውን ኦፕሬቲንግ ሲስተምና በእርሱ ላይ የሚጫኑትን መተግበሪያዎች ያጠቃልላል። ሁለቱ በተመሳሳይ ፍጥነት አድገው አያውቁም።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2002 ለታብሌት የተዘጋጀ የዊንዶውስ ኤክስፒ ዓይነት ለገበያ ባቀረበበት ወቅት መሣሪያዎቹ ከባድና ውድ ነበሩ። ፕሮግራሞቹም በአብዛኛው ለመዳፊትና ለኪቦርድ የተሠሩ በመሆናቸው በብዕር ለመጠቀም አመቺ አልነበሩም። አፕል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 የመጀመሪያውን አይፓድ መሸጥ ሲጀምር የተከተለው መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። ኩባንያው የኮምፒዩተርን ሶፍትዌር ከማሳነስ ይልቅ በጣት ለመነካት የተሠራውን የስልክ ሶፍትዌር ወደ ትልቅ ስክሪን አመጣው።

በዚያን ጊዜ ደካማው ወገን ሃርድዌሩ ነበር። የመጀመሪያው አይፓድ ሜሞሪ 256 ሜጋ ባይት ብቻ ስለነበር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 የወጣውን ስድስተኛውን የኦፕሬቲንግ ሲስተም ትውልድ መሸከም አልቻለም። መሣሪያው ለገበያ በቀረበ በሁለት ዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ ከአዲስ ሶፍትዌር ውጭ ሆነ ማለት ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውና የሜሞሪ መጠኑ እጥፍ የሆነው አይፓድ 2 እስከ ዘጠነኛው ትውልድ ድረስ አገልግሏል።

ሚዛኑ የተገለበጠበት ጊዜ

ከ2010ሮቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ሁኔታው ተገለበጠ። ለዚህ ግልጽ ማሳያ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የወጣው አይፓድ ፕሮ ነው። መሣሪያው ዩኤስቢ ሲ የተሰኘው ዘመናዊ መሰኪያ ተገጥሞለት ነበር። ይሁንና በመሥሪያ ቤቶች በስፋት የሚሠራበትን ፍላሽ ዲስክ ሰክቶ ሰነድ መክፈት የተቻለው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 አይፓድ ኦኤስ የተባለው ራሱን የቻለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከወጣ በኋላ ነው። መሰኪያው ለአንድ ዓመት ያህል ሙሉ አገልግሎት ሳይሰጥ የቆየው ሶፍትዌሩ ስላልደረሰለት ነበር።

ክፍተቱ ይበልጥ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። አፕል በዚያ ዓመት ለራሱ የማክ ኮምፒዩተሮች የሠራውን ኤም 1 የተባለ ቺፕ በአይፓድ ፕሮ ላይ ገጠመ። የሜሞሪው መጠን በከፍተኛዎቹ ሞዴሎች 16 ጊጋ ባይት ደረሰ፤ ይህም ከመጀመሪያው አይፓድ 64 እጥፍ ነው። ሆኖም በወቅቱ የነበረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም አንድ መተግበሪያ ከ5 ጊጋ ባይት ገደማ በላይ ሜሞሪ እንዲጠቀም አይፈቅድም ነበር። ገደቡ የላላው በዚያው ዓመት መጸው ላይ በወጣው ማሻሻያ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ 16 ጊጋ ባይት ብሎ ተጨማሪ ዋጋ የከፈለ ተጠቃሚ አንዱ መተግበሪያ ከሜሞሪው ሲሶ ያህሉን ብቻ ሲጠቀም ይመለከት ነበር።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ደግሞ ኤም 4 የተባለው አዲስ ቺፕ ከማክ ኮምፒዩተሮች ቀድሞ በአይፓድ ፕሮ ላይ ተገጠመ። በዚህ ጊዜ ታብሌቱ ከኩባንያው ላፕቶፖች የቀደመ የቺፕ ትውልድ ይዞ ነበር። ነገር ግን በየትኛውም ስልክ ላይ የሚገኘው ተራ የሒሳብ ማሽን መተግበሪያ ከፋብሪካው ተጭኖ በአይፓድ ላይ መምጣት የጀመረው በዚያው ዓመት መስከረም ወር፣ ማለትም መሣሪያው ከተፈጠረ ከ14 ዓመታት በኋላ ነው።

ሶፍትዌሩ ለምን ዘገየ?

ለመዘግየቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከባትሪና ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኞቹ ታብሌቶች ማቀዝቀዣ ፋን የላቸውም። ከመነሻውም ባትሪያቸው የሥራ ቀን እንዲያውል ታስቦ የተሠሩ ናቸው። በመሆኑም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተጠቃሚው ወደ ሌላ መተግበሪያ ሲሻገር ቀድሞ የተከፈተው ሥራ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንዲቆም ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ፋይናል ከት ፕሮ የተባለው የባለሙያዎች ቪዲዮ ማቀናበሪያ ለአይፓድ ሲቀርብ ይኸው ችግር ታይቷል። የተጠናቀቀውን ቪዲዮ በማውጣት ላይ ያለ ባለሙያ ለመልእክት መልስ ለመስጠት ወደ ሌላ መተግበሪያ ቢሻገር ሥራው ይቋረጥበት ነበር። ቺፑ ሁለቱንም ሥራ ጎን ለጎን ለማከናወን አቅም አልጎደለውም፤ የከለከለው ደንቡ ነው።

ሌላው ምክንያት የመረጃ ደኅንነት ነው። በታብሌት ላይ እያንዳንዱ መተግበሪያ በራሱ አጥር ውስጥ ተወስኖ እንዲሠራ ይደረጋል። ይህ አሠራር ጎጂ ፕሮግራሞች ወደ ሌሎች ሰነዶች እንዳይዘልቁ በመከላከል ረገድ ትልቅ ጠቀሜታ አለው። በአንጻሩ አንድን ሰነድ በተለያዩ መተግበሪያዎች ተቀባብሎ ለመሥራት እንቅፋት ይሆናል። በአይፓድ ላይ ፋይሎችን በአንድ ሥፍራ የሚያሳይ መተግበሪያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2017 መሆኑ ጥንቃቄው ምን ያህል ጥብቅ እንደነበር ያመለክታል።

ኢኮኖሚያዊ ምክንያትም አለ። ትልልቅ የቢሮና የምሕንድስና ፕሮግራሞችን በጣት ለመጠቀም እንዲመቹ አድርጎ እንደገና መሥራት ብዙ የሰው ኃይልና ጊዜ ይጠይቃል። የሶፍትዌር ድርጅቶች ይህን ወጪ የሚሸፍን ገበያ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይገቡበትም። ላፕቶፕና ታብሌት ጎን ለጎን የሚሸጥ ኩባንያ አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ እንዲተካው የሚያቻኩል ምክንያት እንደሌለው የሚከራከሩ ተንታኞችም አሉ።

የአንድሮይድና የዊንዶውስ ተሞክሮ

ችግሩ በአንድ ኩባንያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2011 ለታብሌት ብቻ የታሰበ የአንድሮይድ ዓይነት አውጥቶ ነበር። ሆኖም አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ለስልክ ተሠርተው በትልቁ ስክሪን ላይ የሚለጠጡ ሆነው ቆዩ። ኩባንያው ለትላልቅ ስክሪኖች የተዘጋጀ ማሻሻያ ይዞ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከ20 በላይ የሆኑ የራሱን መተግበሪያዎች ለታብሌት እንደሚያስተካክል አስታውቋል። በመካከሉ ያለፉትን ዓመታት ክፍተት ለመሙላት የሞከሩት አምራቾች ናቸው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጋላክሲ ታብ ኤስ 4 ላይ መስኮቶችን እንደ ኮምፒዩተር ጎን ለጎን የሚከፍት ዴክስ የተባለ አሠራር ማስገባቱ ለዚህ ተጠቃሽ ነው።

ማይክሮሶፍት በበኩሉ ከባድ ዋጋ የከፈለበት ትምህርት ቀስሟል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ያወጣው ሰርፌስ አርቲ የተባለ ታብሌት በመልኩ ዊንዶውስን ቢመስልም ደንበኞች ለዓመታት የተጠቀሙባቸውን የዊንዶውስ ፕሮግራሞች መጫን አይችልም ነበር። የሚቀበለው ከኩባንያው የመተግበሪያ መደብር የሚወርዱትን ብቻ ሲሆን፣ እነርሱም ጥቂት ነበሩ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ከዚህ መሣሪያ ክምችት ጋር በተያያዘ የ900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ በሒሳብ መዝገቡ አስፍሯል።

ክፍተቱ እየጠበበ ነው

ከ2022 ወዲህ የተወሰዱት እርምጃዎች ክፍተቱ እየጠበበ መምጣቱን ያሳያሉ። አፕል በዚያ ዓመት በርካታ መስኮቶችን ለመክፈት የሚያስችል አሠራር ሲያስተዋውቅ ኤም 1 ቺፕ ላላቸው ሞዴሎች ብቻ እንደሚሆን ገልጾ ነበር። ከወራት በኋላ ግን በ2018 እና በ2020 የወጡት አይፓድ ፕሮዎችም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የወጣው አይፓድ ኦኤስ 26 ደግሞ እንደ ኮምፒዩተር መጠናቸው የሚለዋወጥ መስኮቶችን፣ የምናሌ አሞሌንና ረዥም ጊዜ የሚወስዱ ሥራዎችን ከጀርባ የማስቀጠል ችሎታን አስገኝቷል።

በዚህ ረገድ ልብ ሊባል የሚገባው አዲሱ የመስኮት አሠራር ሥርዓቱን መጫን በሚችሉ ሞዴሎች ሁሉ ላይ፣ በ2018 የተሠራውን አይፓድ ፕሮ ጨምሮ፣ መሥራቱ ነው። ሰባት ዓመት የሆነው መሣሪያ አዲስ ቺፕ ሳይገጠምለት በሶፍትዌር ለውጥ ብቻ ተጨማሪ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል።

ለሥራ የሚውል ታብሌት

በመንግሥታዊና በድርጅት ሥራ ላይ ታብሌት ውጤታማ የሚሆነው ተለይቶ ለታወቀ ሥራ የተዘጋጀ ሶፍትዌር ሲኖረው ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ2013 አብራሪዎቹ ይሸከሙት የነበረውን 16 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የካርታና የመመሪያ ሻንጣ በአይፓድ ተክቷል። ይህም በዓመት 1 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዶላር የነዳጅ ወጪ እንደሚያድን ገምቶ ነበር። ይኸው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 በአብራሪዎቹ የካርታ መተግበሪያ ላይ በተፈጠረ ስሕተት በርካታ በረራዎቹ ዘግይተውበታል። ታብሌቶቹ ምንም ብልሽት አልነበረባቸውም። መፍትሔውም መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነበር።

የሕዝብ ቆጠራም ሌላው ማሳያ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ቆጠራዋን በታብሌት አካሂዳለች። አንድ ቆጣሪ በመስክ ላይ የሚያስፈልገው ቪዲዮ የሚያቀናብር ኃይለኛ ቺፕ አይደለም። ከእናቱ በዕድሜ የሚበልጥ ልጅ ሲመዘገብ የሚያስጠነቅቅ፣ መልሱን ተከትሎ ወደ ተገቢው ጥያቄ የሚወስድ፣ ኔትወርክ በሌለበት መረጃውን ይዞ ቆይቶ ሲገኝ የሚልክ መጠይቅ ነው። መካከለኛ አቅም ያለው ታብሌት ይህን በብቃት ይወጣል።

በአገራችን በወቅቱ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ለአራተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ 180 ሺሕ ታብሌቶችን አዘጋጅቶ ነበር። ቆጠራው በተደጋጋሚ ከተራዘመ በኋላ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ባካሄዱት ስብሰባ ለሌላ ጊዜ እንዲተላለፍ ተወስኗል። እንዲህ ያለው መራዘም ለማንኛውም የታብሌት ግዥ የሚሰጠው ትምህርት አለ። ወረቀት በግምጃ ቤት ቢቆይ ያው ወረቀት ነው። የታብሌት ሶፍትዌር ድጋፍ ግን መሣሪያው ቢሠራበትም ባይሠራበትም ዕድሜው ይቆጠራል። የደኅንነት ማሻሻያ ያቆመ መሣሪያ ከካርቶኑ ባይወጣም የዜጎችን መረጃ ለመያዝ ያለው ብቃት ይቀንሳል።

የቋንቋ ጉዳይም ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚታይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ በመካተቱ በታብሌት ላይ ማንበብና መጻፍ ተችሏል። ሆኖም አዳዲስ አገልግሎቶች በሁሉም ቋንቋዎች እኩል አይደርሱም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 በብዕር የተጻፈን ወደ ታይፕ ጽሑፍ የሚለውጥ አገልግሎት ሲጀምር የሚያነበው እንግሊዝኛና ቻይንኛን ብቻ ነበር። ስለሆነም የብዕሩ ጥራት ብቻውን በአማርኛ ቃለ ጉባዔ ለሚይዝ ሠራተኛ ዋስትና ሊሆን አይችልም።

ከግዥ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው

ከላይ የተዘረዘሩት ተሞክሮዎች በጨረታ ሰነድ ላይ የሚሰፍረው የቴክኒክ ዝርዝር መግለጫ ከፕሮሰሰርና ከሜሞሪ መጠን ባሻገር መሄድ እንዳለበት ያስገነዝባሉ። በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ሥራው የትኛውን መተግበሪያ እንደሚፈልግና ይህ መተግበሪያ በሚገዛው ታብሌት ላይ ያለ ኔትወርክ ጭምር የሚሠራ መሆኑ ነው። ይህም በጥቂት ናሙና መሣሪያዎች ላይ በመስክ ሊፈተሽ ይገባል።

አምራቹ የኦፕሬቲንግ ሲስተምና የደኅንነት ማሻሻያ ለስንት ዓመት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ማረጋገጡም ወሳኝ ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2022 ላወጣው ጋላክሲ ታብ ኤስ 8 አራት የአንድሮይድ ትውልዶችንና የአምስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ እንደሚሰጥ ቃል መግባቱ እንዲህ ያለ ዋስትና መጠየቅ እንደሚቻል ያሳያል። ጊዜው የሚቆጠረው ሞዴሉ ለገበያ ከቀረበበት እንጂ መሥሪያ ቤቱ ከተረከበበት ዕለት ላይሆን ስለሚችል፣ በርካሽ የሚቀርብ የቆየ ሞዴል አብዛኛውን ዕድሜውን ጨርሶ ሊገኝ ይችላል።

በአጠቃላይ የታብሌት ሶፍትዌር ከሃርድዌሩ ጋር ያለውን ርቀት እያጠበበ ቢሆንም ገና ሙሉ በሙሉ አልደረሰበትም። ለአብዛኛው የመሥሪያ ቤት ሥራ ግን የጎደለው የፕሮሰሰር ኃይል አይደለም። በመሆኑም ፈጣን ቺፕ ለመግዛት የሚውለው ተጨማሪ ገንዘብ ለሥራው የሚስማማ መተግበሪያ ለማዘጋጀት፣ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ለማስተካከልና ሠራተኞችን ለማሠልጠን ቢውል የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ ከእነዚህ ተሞክሮዎች መረዳት ይቻላል።