ወደ ውጭ አገር በጉዲፈቻ የሄዱ ልጆችና በደጋው የቀሩ ቤተ ዘመዶቻቸው

መግቢያ

ልጅ በእድሉ ያድጋል ይላል ያገራችን ሰው። ነገር ግን እድል ብቻውን ልጅ አያሳድግም፤ የሚያሳድገው ሰው ነው። አንድ ሕፃን ከወለዱት ሰዎች እጅ ወጥቶ በባሕር ማዶ ወደሚኖሩ አሳዳጊዎች እጅ ሲገባ ረዳት የሚያስፈልገው እርሱ ብቻ አይደለም። አሳዳጊዎቹም፥ ከዚህ የቀሩት ወላጆችና ዘመዶችም ረዳት ይሻሉ። ስለ ልጁና ስለ አሳዳጊዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ተጽፏል፤ በቀሩት ላይ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በዚህ ጽሑፍ የመንዝን፥ የግሼንና የመርሐቤቴን ደጋ አገር በፊታችን አድርገን ይህን ጉዳይ ለመግለጽ እንሞክራለን። አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ ጉዲፈቻ ሁለት ጫፍ ያለው ገመድ ስለ ሆነ፥ አንዱን ጫፍ ብቻ ይዞ ልጁን በሚገባ መርዳት አይቻልም። አገራችን በ2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ሰዎች የሚደረገውን ጉዲፈቻ አቁማለችና ነገሩ ያለፈ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከዚያ በፊት የሄዱት ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል ወይም በመሆን ላይ ናቸው፤ የተወለዱበትን ቤት የሚጠይቁበት ዕድሜም ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ ወረቀት እንዲያነብና ቃል እንዲያስተረጕም የሚጠራው ሰው እንደኛ ያለ ተማሪ ሊሆን ይችላል።

፩ የደጋው ልማድ

በደጋው አገር ልጅን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ማሳደግ አዲስ ነገር አይደለም። ልጅ የሌላት አክስት የእኅቷን ልጅ ወስዳ ታሳድጋለች፤ አያት የልጅ ልጁን ከብት እንዲጠብቅለት ያስመጣል፤ ትምህርት ቤት ራቅ ያለ እንደ ሆነ ልጁ በመሐል ሜዳ፥ በሞላሌ ወይም በዓለም ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጣል። እናትና አባት የሞቱበትን ልጅ አጎቱ ወይም የክርስትና አባቱ ያስጠጋዋል። በቀድሞው ዘመን ደግሞ የጡት ልጅ የሚባል ነበረ፤ ይኸውም በአሳዳጊው ጣት ወይም ጡት ላይ የተቀባውን ማር በመጥባት የሚጸና ልጅነት ነው።

በእነዚህ ልማዶች ሁሉ አንድ የጋራ ነገር እናያለን። የተሰጠው ልጅ ማን እንደ ወለደው ያውቃል፤ በዓል ሲሆን ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል፤ ወላጁ ሲሞት ለቅሶ ይቀመጣል። ዘርን ማወቅ የክብር ጉዳይ ብቻም አልነበረም። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ በመንዝ ርስት የሚጠየቀው በእናትም በአባትም ወገን ወደ ቀድሞ አባት እየቆጠሩ ስለ ነበረ፥ ትውልዱን የማያውቅ ሰው መሬቱንም ያጣ ነበር። በመንዝ ተቀምጦ ያጠናው ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ የመንዝ ሰው ለርስቱ ያለውን ጽኑ ፍቅር ገልጿል።

እንግዲህ «ልጅሽን የውጭ አገር ሰዎች ያሳድጉልሽ» የተባለች አንዲት የግሼ እናት ቃሉን በምን ትተረጕመዋለች? በምታውቀው ልማድ ነው። ልጄ ተምሮ ይመለሳል፤ ባይመለስም ደብዳቤ ይልካል፤ እናቱ እኔ መሆኔም አይጠፋበትም ብላ ታስባለች። በእንዲህ ያለ አሳብ የተሰጠ ልጅ ቢኖር እናቱን አላዋቂ ማለት አይገባም፤ በአገሯ ትርጕም ትክክል ነበረችና።

፪ ሕጉ የሚለው

የኢትዮጵያም ሕግ ከዚህ ልማድ የራቀ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በኋላ የመጣውና በ1992 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ ዐዋጅ ቍጥር 213፥ ጉዲፈቻ በስምምነት የሚመሠረት መሆኑንና ፍርድ ቤት ካላጸደቀው እንደማይጸና ይናገራል። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። በጉዲፈቻ የተወሰደው ልጅ ከተወለደበት ቤተ ሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ፥ ነገር ግን ከሁለቱ ቤተ ሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ በሆነ ጊዜ የጉዲፈቻው ቤተ ሰብ እንደሚቀድም ሕጉ ይደነግጋል።

በአሜሪካና ይህን በመሰሉ አገሮች ግን ጉዲፈቻ በጠቅላላው የወላጆቹን መብት ፈጽሞ ያቋርጣል። ልጁ የአሳዳጊዎቹን የቤተ ሰብ ስም ይይዛል፤ አሳዳጊዎቹ እንደ ወላጅ የሚጻፉበት አዲስ የልደት ወረቀትም ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የጸደቀው አንድ ስምምነት በሁለት አገር ሁለት ትርጕም ነበረው ማለት ነው። ከዚህ የመነጨው አለመግባባት የክፉ ሰዎች ሥራ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም፤ ቅን የሆኑ አሳዳጊዎችና ቅን የሆኑ ወላጆች እንኳ በአንድ ወረቀት ላይ ፈርመው ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ሊያስቡ ችለዋልና።

፫ የነገሩ መስፋፋትና መቆም

ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ አገር የሚደረገው ጉዲፈቻ በተለይ የበረታው ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ ነው። ልጆቹ ወደ አሜሪካ፥ ወደ ስፔን፥ ወደ ፈረንሳይ፥ ወደ ኢጣልያ፥ ወደ ዴንማርክና ወደ ሌሎችም አገሮች ሄደዋል። ወደ አሜሪካ ብቻ በ2010 እ.ኤ.አ. ከ2,500 በላይ፥ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሉት ዓመታት በጠቅላላው ከ15,000 በላይ ሕፃናት ተወስደዋል። በእነዚያ ዓመታት ኢትዮጵያ በ1993 እ.ኤ.አ. በሄግ የተደረገው የጉዲፈቻ ስምምነት አባል አልነበረችም።

ቍጥሩ ሲበዛ ጥርጣሬም በዛ። በአንዳንድ ወረቀቶች ላይ በሕይወት ያሉ ወላጆች እንደ ሞቱ ተደርገው መጻፋቸው ተሰማ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጉዳዩን የያዘው ሚኒስቴር በቀን ከአምስት የማይበልጥ መዝገብ ብቻ እንደሚያይ አስታወቀ። ዴንማርክ በ2016 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ልጅ መውሰድን አቆመች። በመጨረሻም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ሰዎችን ጉዲፈቻ አስቀረ።

በሩ መዘጋቱ አንድ ነገር ነው፤ በበሩ የወጡትን መርዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ዐዋጁ ወደ ፊት የሚሆነውን ይከለክላል እንጂ ያለፈውን አይጠግንም።

፬ ለቅሶ የሌለው ኀዘን

በጉዲፈቻ ከአገር ወደ አገር የሄዱ ልጆች ኑሯቸው የተበላሸ ነው የሚል ወሬ በጅምላ እውነት አይደለም። ፈሚ ዩፈርና ማሪኑስ ቫን አይዘንዶርን የተባሉ የሆላንድ ሊቃውንት በ2005 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ባወጡት ጽሑፍ፥ ከእነዚህ ልጆች የሚበዙት ደኅና ሆነው እንደሚያድጉ፥ ነገር ግን ወደ አእምሮ ሐኪም የሚላኩት ከወላጆቻቸው ጋር ካደጉት ልጆች ይልቅ በዛ እንደሚሉ አሳይተዋል። ስለዚህ ለእነዚህ ልጆች ሁሉ ትዕግሥትና ማዳመጥ፥ ለአንዳንዶቹ ደግሞ የባለሙያ እርዳታ ያስፈልጋል።

ጳውሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ መለየቱ ያልለየለት ኀዘን ስለሚባል ነገር ጽፈዋል። ሰውየው አልሞተም፤ ነገር ግን የለም። ይህ አሳብ ለደጋው እናት እጅግ የሚስማማ ይመስለናል። ሰው ሲሞት ዘመድ ይሰበሰባል፤ ለቅሶ ይለቀሳል፤ በአርባ ቀኑ ተዝካር ይወጣለታል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ መጥቶ ያጽናናል። ኀዘን በዚህ ሥርዓት ይሸከሙታል። ልጇ በአውሮፕላን የሄደባት እናት ግን ለቅሶ ብትቀመጥ ሟርት ይሆንባታል፤ ብትደሰት ደግሞ አንጀቷ አይቀበላትም። ጎረቤቷም «እድለኛ ነሽ፤ ልጅሽ ወጣልሽ» ይላታል። ኀዘኗን የሚቀበል ሥርዓት የለም።

በሌላው ጫፍ ያለው ልጅም እንዲሁ ነው። «እድለኛ ነህ» የሚለው ቃል በዚያም ይከተለዋል፤ የናፈቀውን ቢናገር ውለታ ቢስ እንዳይባል ይፈራል። ከታሪካችን የልዑል ዓለማየሁን ነገር ማስታወስ እንችላለን። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ አገር ሲወሰድ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ። አማርኛ የሚያውቀው ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲም በኋላ ከእርሱ ተለየ። ልዑሉ በጥሩ ትምህርት ቤቶች ተምሮ፥ የንግሥት ቪክቶሪያም በጎ ፈቃድ ሳይለየው፥ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ሞተ። የእርሱ ነገር ምርኮ እንጂ ጉዲፈቻ አይደለም፤ ሆኖም ምቾትና ትምህርት ብቻቸውን ዘመድንና ቋንቋን እንደማይተኩ ያስረዳል።

፭ ለመርዳት የሚያስፈልገው

በዚህ ክፍል የምናወሳው አገሩንና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሊያደርገው የሚችለውን ነው።

ሀ) ዘመንን መለየት። በኢትዮጵያና በፈረንጆች አቈጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። 2000 ተብሎ በኛ ዘመን የተጻፈ የልደት ዓመት እንደ ፈረንጆች 2000 ቢነበብ ሕፃኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በልጦ ይገኛል። ወላጆች ልደትን የሚያስታውሱት ብዙ ጊዜ በበዓልና በታወቀ ነገር ነው፤ «በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ዓመት፥ በኅዳር ሚካኤል ማግስት» ያሉ እንደ ሆነ ይህን ማስላት ይቻላል። የዕድሜ ነገር ቀላል አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ከኢትዮጵያ የተወሰደች አንዲት ልጅ በአሳዳጊዎቿ ግፍ ስትሞት ትክክለኛ ዕድሜዋ በፍርድ ቤት አከራካሪ ሆኖ፥ ዕድሜዋን ለመለየት ሲባል አስከሬኗ ከመቃብር እንዲወጣ ተደርጓል። አሳዳጊዎቿ በ2013 እ.ኤ.አ. ተፈረደባቸው።

ለ) የቦታ ስም መለየት። የወረዳዎች አከላለል ተለዋውጧል። በወረቀት ላይ «ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል» የሚል የተገኘ እንደ ሆነ፥ ይህ ወረዳ በኋላ መንዝ ጌራ ምድርና መንዝ ቀያ ገብርኤል ተብሎ ለሁለት ተከፍሏልና በመሐል ሜዳም በዘመሮም መጠየቅ ያስፈልጋል። «ማማ ምድርና ላሎ ምድር» የሚለውም እንዲሁ ለሁለት ተከፍሏል። ከወረዳና ከቀበሌ ይልቅ የማይለወጠው የጎጡና የደብሩ ስም ነው። የትኛው ማርያም፥ የትኛው ጊዮርጊስ ብሎ የጠየቀ ሰው ቶሎ ይደርሳል፤ የቤተ ሰቡ የንስሐ አባትም የቤቱን ሰው ሁሉ ያውቃሉ።

ሐ) ዝምድናን መለየት። የአጎት ልጅ በኛ ቋንቋ ወንድም ይባላል፤ ያሳደገ አያት አባት ይባላል። አስተርጓሚው ይህን እንደ ሰማው ቢያስተላልፍ ልጁ የሌለ ወንድም አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ «ማን ወለደው? ማን አሳደገው?» ብሎ ሁለቱን ለየብቻ መጠየቅ ይገባል። ደግሞም ልጁ በውጭ አገር የያዘው ስም ቢለወጥም የአባቱንና የአያቱን ስም ከቀድሞው ወረቀት ፈልጎ መያዝ አስፈላጊ ነው፤ በደጋው ሰው የሚታወቀው በእነዚህ ነውና።

መ) ወሬ ማድረስ። አሳዳጊዎች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ስለ ኑሮው ሪፖርት እንዲልኩ ይጠየቁ ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ በአዲስ አበባ መዝገብ ቤት የተቀመጠ ሪፖርት፥ የሚያነብላት ካላገኘች ለራቤል እናት ምንም አይጠቅማትም። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቤተሰብ ፍለጋ» በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት በጉዲፈቻ የሄዱትንና የኢትዮጵያ ቤተ ሰቦቻቸውን ለማገናኘት ሠርቷል። አንድ ፎቶግራፍና ሁለት መሥመር ቃል ለአንዲት እናት ከብዙ ዓመት ጥርጣሬ ያሳርፏታል።

ሠ) መገናኘትን ማዘጋጀት። ልጁ ሲመጣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሊያለቅስና ሊስመው ይችላል፤ ቋንቋ ለማያውቅ ወጣት ይህ ያስደነግጣል። ዘመዶች ደግሞ እርዳታ ቢጠይቁ፥ በኛ አገር ዘመድ ከዘመድ መጠየቁ ነውር እንዳልሆነ ለወጣቱ አስቀድሞ ማስረዳት፥ ለዘመዶችም እንግዳው ገና ተማሪ ሊሆን እንደሚችል መንገር ይገባል። አስተርጓሚው የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይናገር፤ የቤቱንም ምስጢር ይጠብቅ።

ማጠቃለያ

የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ስምምነትም በዚህ ይስማማል። ይህ መብት አሳዳጊዎችን የሚቃወም አይደለም። ልጅ ሁለተኛ ቤት ቢያገኝ የመጀመሪያው ቤት አልነበረም ማለት እንዳልሆነ ደጋው ራሱ በማደጎ ልማዱ ሲያስተምር ኖሯል።

ስለዚህ ባልንጀሮቻችን ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራቸው ሲሄዱ ደብዳቤ ለሚያነብላት እናት እንዲያነቡላት፥ የልጇን ስም፥ የአባቱንና የአያቱን ስም፥ የደብሩንና የዘመኑን ነገር በጥንቃቄ ጽፈው እንዲያስቀምጡላት፥ መምህራኖቻችንም ይህን ሥራ በጥናት እንዲደግፉት እናሳስባለን። የሚያስታውሱት አያቶች እያረጁ ነው። ዛሬ ያልተጻፈው፥ ልጁ መጥቶ በሚጠይቅበት ቀን ከወዴትም አይገኝም።